ከኔ አፍ የወጣው

በሰልስቱ ማግሥት ሻዩን ያፈሉት የጎረቤት ሴቶች ነበሩ። አምሳለ ብርጭቆውን ተቀብላ አንዴ ፉት አለችና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ቅርንፉዱ በዝቷል። ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ሁለት ሴቶችም ቀምሰው አስቀምጠውታል።

«የሐመልማልን ሻይ የለመደ ሰው ምን ይዋጥለት» አለች አንደኛዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ከመንገዱ በኩል አራት ሱዳናውያን ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ጆንያ የሚሸከሙ ናቸው፤ ሟቿ ሐመልማል ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራቸው አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሻይ ስታፈላላቸው ኖራለች። መዳፋቸውን ዘርግተው የፋቲሓ ጸሎት አደረሱ፤ «አልበረካ ፊኩም» ብለው ሐዘንተኞቹን አጽናንተው ከወንዶቹ ጎን ተቀመጡ። የሟች እናት እማማ አሰጋሽ ከመሬት ሳይነሡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱላቸው።

«አቧራው ነው ልጄን የበላት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «የሰሊጡ አቧራ ነው።»

አምሳለ ቀና አላለችም። የሟች ታላቅ እህት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆና ሠርታለች፤ የሰሊጥ አቧራ ሰውን ደም አስተፍቶ በሁለት ቀን እንደማይገድል ታውቃለች። ግን ይህን የምታውቀውን ነገር በእነዚህ አራት ቀናት ለራሷ እንኳ አልነገረችውም።

ሐመልማልን ሆስፒታል የወሰደቻት እሷ ናት። ከጦርነቱ የሸሸው ሕዝብ ክፍሉንም ኮሪደሩንም ሞልቶት ስለነበር ሐመልማል የተኛችው መስኮት ሥር፣ ወለል ላይ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ተንበርክኮ ደረቷን ሲያዳምጥ ቆየና፣ «ከዚህ በፊት የደረን መድኃኒት ወስዳ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀ። ደረን የሚሉት በሱዳን የሳንባ ነቀርሳን ነው።

«በፍጹም» አለች አምሳለ። «እህቴ ናት፤ እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ። ወስዳ ቢሆን አውቅ ነበር።»

ሐመልማል ዓይኗን ገልጣ አየቻት። አፏ ላይ ጨርቅ ስለያዘች መናገር አልቻለችም። ያ አስተያየት ምን ለማለት እንደነበር አምሳለ ያን ጊዜ አልገባትም። በነጋታው፣ የአክታው ውጤት ሳይደርስ ሐመልማል አረፈች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር።

እስማኤል የመጣው ቀትር ላይ ነው። ከድንኳኑ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ቀጠን ያለ፣ የለበሰው ሸሚዝ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ሰው ነው። ወላጆቹ በረሀቡ ዘመን ከጎንደር የመጡ እስላሞች ናቸው፤ እሱ ተወልዶ ያደገው ፋው በምትባል የሱዳን ከተማ ነው። እግዜር ያጽናችሁ ብሎ ተቀመጠ። ሌላው ለቀስተኛ ተነሥቶ ሲሄድ እሱ አልሄደም። ፅናት ለእንግዶች ውሃ ስታድል በዓይኑ ይከተላታል። ፅናት የሐመልማል ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጅቷ አንዴ ስታስል እስማኤል ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣና አምሳለን፣ «ሲስተር፣ አንድ ጊዜ ውጭ ላናግርዎት?» አላት።

ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ከውሃው ማሰሮ አጠገብ ቆሙ።

«ፋው ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ክሊኒክ የጤና ረዳት ነበርኩ» አለ። «ውጊያው ሲጠጋ ጥለን ወጣን። ገዳሪፍ ከገባሁ አምስት ወር ሆነኝ። ማረፏን የሰማሁት ትናንት ነው።»

«ሐመልማልን ታውቃት ነበር?»

«አውቃታለሁ።»

«ፋው ለጥጥ ለቃሚዎች ሻይ ልሸጥ እያለች ትሄድ ነበር። እዚያ ነው የተዋወቃችሁት?»

እስማኤል ፅናት ወዳለችበት ዞረ። «ልጅቷ ሳል ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት?» አለ።

«እኔ እንጃ። ጉንፋን ነው ብዬ…»

«እሷም፣ በአንድ ክፍል አብረው ሲያድሩ የነበሩትም ሁሉ በዚህ ሳምንት ደረታቸውን ይታዩ። ሳምንት አያልፈው። የመጣሁት ይህን ልነግርዎት ነው።»

አምሳለ የማሰሮውን ክዳን ያዘች። ነርስ ናትና ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

«ስንት ወር ወሰደች?» አለች።

እስማኤል ከእግሩ ሥር ያለውን ቅጠል በጫማው ገፋ።

«መድኃኒቱን ስንት ወር ወሰደች? አንተ ነህ የሰጠሃት?»

«ሲስተር፣ የምስጢሩን ሕግ እኔ ለእርስዎ አልነግርም። ለልጅቷ ደኅንነት የግድ የሚያስፈልገውን ተናግሬያለሁ። የቀረው የእሷ ነው።»

«ሞታለች እኮ።»

«ብትሞትም የእሷ ነው።»

ከድንኳኑ ውስጥ የአንድ ሴት እንጉርጉሮ ይሰማል። አምሳለ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ያው መድኃኒት እኔ የምሠራበት ጤና ጣቢያ አለ። ከቤታችን አሥር ደቂቃ አያስሄድም። እህቷ ነኝ። ለምንድን ነው ወደኔ ያልመጣችው?»

«ያንን እሷ ካልነገረችዎት እኔ አልነግርዎትም።» ሊሄድ ዞሮ ተመለሰ። «አንድ የራሴን ነገር ግን ልንገርዎት። ስልክዎ ነበረኝ። የፋው መንገድ ከተዘጋ በኋላ ሦስት ጊዜ ልደውልልዎት ቁጥሩን አውጥቼ ነበር። አትደውል ብላኛለች፤ ቃል አስገብታኛለች። ሙሉ ሰው ናት፤ አእምሮዋ ጤነኛ ነው፤ የራሷ ጉዳይ ነው አልኩና ተውኩት። ትናንት ማረፏን ስሰማ ደግሞ ብደውልስ ኖሮ እያልኩ ነጋልኝ። ትክክል ሠርቼ ይሁን ወይ ተሳስቼ አላውቅም።»

አምሳለ ልትቆጣው ፈለገች፤ አልቻለችም። «አልተሳሳትክም» አለችው። ይህን ያለችው እሱን ለማጽናናት ይሁን ወይም እውነት ስለሆነ እሷም አላወቀችም።

እስማኤል ከሄደ በኋላ እዚያው ዛፉ ሥር ብዙ ቆየች። ሐመልማል ለምን ወደሷ እንዳልመጣች ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር።

ነገሩ የሆነው ከስምንት ዓመት በፊት፣ ፅናት የዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ በኩል የመጣ ሠራተኛ ነው፤ አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሩ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ጎረቤታቸው ዕፀገነት ማለዳ ማለዳ መንገድ ዳር ጠሚያ የሚሉትን የሽምብራ ጥፍጥፍ በዘይት ትጠብስ ነበር። ልጅ አልወለደችም። ፅናትን አንዴ ካዘለቻት አታወርዳትም፤ ጠሚያውን በራሷ አፍ አላምጣ ታጎርሳታለች።

አንድ ቀን ዕፀገነት እየሳለች አምሳለ ወደምትሠራበት የሰፈሩ ጤና ጣቢያ መጣች። አክታዋ ተመረመረ፤ ደረን ተገኘባት። መድኃኒቱን የሰጠቻት አምሳለ ናት። ዕፀገነት ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና፣ «አደራሽን፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ። ሰው ከሰማ ማን ከእጄ ይበላል?» አለቻት።

«ምን ነካዎት፣ ሥራዬ እኮ ነው» አለች አምሳለ። ስትል ከልቧ ነበር።

ማታ እራት ላይ ሐመልማል፣ «ዛሬም ልጅቷን ለዕፀገነት ትቼ ገበያ ዋልኩ» አለች። አምሳለ የቆረሰችው እጇ ላይ ቀረ።

«ሁለተኛ እንዳትሰጫት።»

«ምነው?»

«ደረን አለባት።»

ሌላ መንገድ ነበረ። ይህን ከማንም የተሻለ ታውቃለች። ዕፀገነትን ጠርታ፣ የምታዝላት ሕፃን መመርመር አለባት ብላ፣ ከእሷ ጋር ተመካክራ፣ ለሐመልማል ራሷ ዕፀገነት እንድትነግራት ማድረግ ይቻል ነበር። መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት በደንብ ከወሰደች በኋላ በሽታው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም ታውቃለች፤ ስንቱን በሽተኛ እንዲህ ብላ አጽናንታለች። ያን ማታ ግን ዓይኗ ላይ የነበረው የፅናት አፍ ብቻ ነው።

እማማ አሰጋሽም ማዕዱ ላይ ነበሩ። በነጋታው ውሃ ሲቀዱ አጠገባቸው ለነበረችው ሴት፣ «ልጆቻችሁን ከዕፀገነት ጠብቁ» አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም። ሳምንት ሳይሞላ ጠሚያውን የሚገዛ ጠፋ። ዕፀገነት እስከ ረፋድ ተቀምጣ የጠበሰችውን ለፍየሎች እየበተነች ትገባ ጀመር። ከዚያ አከራይዋ ክፍሉን ለዘመዴ እፈልገዋለሁ አላት።

ዕፀገነት ወደ ጤና ጣቢያው መጥታ ኃላፊው ክፍል ገባች። አልጮኸችም። «ስሜን ማን አወጣብኝ?» ብቻ አለች። ኃላፊው ሉጥፊ የሚባል ሱዳናዊ ሐኪም ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ።

«ይቺ ሴት ያመነችን ታምማ ነው» አለ። «ከመካከላችን የተናገረ ካለ ከነገ ጀምሮ እዚህ አይሠራም። ሌላ ቦታ ሄዶም ቢጠይቅ እኔ ስለ እሱ የምጽፈው ይህንኑ ነው።»

ሐመልማል በዚያን ጊዜ ሻይ የምትሸጠው ከጤና ጣቢያው በር ላይ ነበር። ባዶ ብርጭቆ ልትሰበስብ ገብታ ሰማች። የብርጭቆውን ትሪ እንደያዘች፣ «እኔ ነኝ» አለች። «ከመስኮቱ ክኒን ስትቀበል አየኋት። ምን እንደሆነ ጠረጠርኩና አወራሁ። ማንም አልነገረኝም።»

አምሳለ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማ ነበር። አፏን ከፈተች። ሐመልማል ቀና ብላ አየቻትና ራሷን በጣም በጥቂቱ ነቀነቀች። አምሳለ አፏን ዘጋች።

ዕፀገነት ወደ ሐመልማል ሄዳ እግሯ ሥር ምራቋን ተፋችና ወጣች። በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና ኡም ጋርጉር መጠለያ ያለች የአክስቷ ልጅ ዘንድ ገባች። ሐመልማል ከበሩ ተባረረችና በርጩማዋን ይዛ ወደ ሰሊጥ ገበያ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሴቶች በተሰበሰቡበት ብቅ ስትል ወሬ ይቆማል። «ቀስ በሉ፣ ሐመልማል መጣች» ይላሉ። እሷም እንዳልሰማች ሆና ትቀመጣለች።

አምሳለ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ስለዚያ ነገር…» ብላ ጀምራ ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ» አለቻት ሐመልማል። «እዚህ ቤት ነርስ አንዲት ናት ያለችው። ሻይ የትም ይፈላል።»

በሰባተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሣ ሲል፣ ዕፀገነት መጣች።

ከኡም ጋርጉር በሁለት መኪና ተሳፍራ ነው የደረሰችው። ጠጉሯ ሸብቷል፤ ጥቁር ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። በሩ ላይ ስትታይ ያወቋት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። እማማ አሰጋሽ ፊታቸውን ወደ ሸራው አዞሩ። ዕፀገነት መሬት ተቀምጣ ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

«በዚች ልጅ ስምንት ዓመት ቂም ይዣለሁ፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሷ ግን ለገናም ለፋሲካም እኔ ዘንድ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። ሻይ ቅጠልና ስኳር ይዛ ትመጣለች። አንድም ቀን ከደጃፌ አላሳለፍኳትም። ያመጣችውን ተቀብዬ ውሃ እንኳ ሳልሰጣት ነው የምሸኛት። አሁን ሞተች። በቂም እንዳልቀብራት ብዬ ነው የመጣሁት። ይቅር ብያታለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ ሴቶቹ። «ደግ አደረግሽ። ነፍሷን ይማር።» አንዷ ትልቅ ሴትዮ የዕፀገነትን ትከሻ ዳሰሰች። ሌላዋ ሻይ ቀዳችላት። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ሁሉም ደስ ይለው ነበር።

አምሳለ ተነሥታ ቆመች። የድንኳኑን ምሰሶ ያዘች።

«እትዬ ዕፀገነት» አለች። «እሷ አይደለችም።»

«ምኑ?»

«ስምዎን ያወጣችው ሐመልማል አይደለችም። ከመስኮት ያየችውም፣ የጠረጠረችውም ነገር የለም። ከኔ አፍ ነው የወጣው። መድኃኒቱን የሰጠሁዎት ቀን፣ እዚሁ ቤት፣ እራት ላይ። ሥራዬን እንዳላጣ ብላ ነው እኔ ነኝ ያለችው። እኔም ዝም አልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ወረኛ ስትባል እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

ሻይ የቀዳችው ሴት ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። እማማ አሰጋሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዕፀገነት አምሳለን አላየቻትም። መዳፏን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ እሱን ነበር የምታየው።

«ከደጃፌ አላሳለፍኳትም» አለች እንደገና፣ በሌላ ድምፅ። «ፀሐይ ላይ ቆማ ነው የምታወራኝ። ትንሽ ጥላ ነበረኝ፤ ግቢ አላልኳትም።»

«እትዬ…»

«ይቅር ልላት ነበር የመጣሁት። አሁን ማንን ይቅር ልበል?»

«እኔን ይበሉ ብዬ አይደለም።»

«አልልሽም» አለች ዕፀገነት። «ዛሬ አልችልም።» ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች። «የት ነው የተቀበረችው?»

አምሳለ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለቻት። ከሰው ጆሮ ሲርቁ ዕፀገነት ቆመች።

«በገና መጥታ ትስል ነበር» አለች ዝቅ ብላ። «ያን ሳል አውቀዋለሁ፤ በራሴ ደረት አሳልፌዋለሁ። ብጠላትም አስጨነቀኝና፣ ነርስ እህት እያለችሽ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ለአምሳለ ንገሪያት አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«‹እህቴ ለሰው ስትሳሳ አፏ አይታዘዝላትም። እሷ ካወቀች ቤቱ ያውቃል፤ ቤቱ ካወቀ ሻዬን የሚጠጣ የለም› አለችኝ። እህቷን በሐሜት ታነሣለች ብዬ ታዘብኳት። አሁን ነው የገባኝ።» ነጠላዋን አጠበቀች። «ይሄን ከሰው ፊት ያልተናገርኩት ለአንቺ ብዬ አይደለም። ስሟ እንዳይነሣ ነው።»

አምሳለ መቃብሩን ላሳይዎት ስትላት እንቢ አለች፤ ልጅቷ ትምራኝ አለች። ፅናት እጇን ሰጥታት ሄዱ።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ሴትዮዋ አፈሩ ላይ በግንባሯ እንደተደፋች፣ ግቢ ልጄ፣ ግቢ ልጄ እያለች ብዙ እንዳለቀሰች፣ ከዚያም መኪና እንዳያመልጣት ብላ እንደሄደች ነገረቻቸው። «ወላሂ ሐቦባ፣ እኔንም ሳመችኝ» አለች አያቷን።

እማማ አሰጋሽ ሌላ ጊዜ ወላሂ ስትል ይቆጧት ነበር። ያን ቀን አልተቆጡም። ሴቶቹ ሄደው ሲያልቁ አምሳለን ጠሩ።

«የኔን ስም ለምን አልጠራሽም? ውሃ ስቀዳ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ምስጢር መጠበቅ ያንቺ ሥራ አልነበረም፣ እማ። የኔ ነበር።»

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አምሳለ ፅናትን ይዛ ወጣች። ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ መንገድ ዳር ካለ ጥላ ሥር አስቀመጠቻትና ለምን እንደሚሄዱ ነገረቻት። ደረቷን በማሽን እንደሚያዩ፣ እንደማያምም፣ ምናልባት ክኒን እንደሚሰጧት። «ያልገባሽን ጠይቂኝ። ካልፈለግሽም ንገሪኝ» አለቻት።

ፅናት አሰበች። እናቷን ዩማ፣ አክስቷን ኻልቶ ነበር የምትላቸው። «ቀዩን ክኒን ነው፣ ኻልቶ? ዩማ ስትወስደው የነበረውን?»

አምሳለ የልጅቷን እጅ ያዘች። «አይተሽው ነበር?»

«በስኳሩ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ከዚያ አለቀ። ለሐቦባም ለኻልቶም እንዳትነግሪ ብላኛለች።» ልጅቷ ደረቷን ነፋ አደረገች። «አልነገርኩም። ለማንም አልነገርኩም።»

አምሳለ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ግን እንባዋ ቀደማትና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ልጅቷ አጥፍታ እንደሆነ ፈርታ ታያት ጀመር።

«ደግ አደረግሽ» አለቻት በመጨረሻ። «እናትሽ የነገረችሽን ነው የጠበቅሽው።» ተነሡና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሉጥፊ አሁን ሸምግሏል፤ ግን ያው ክፍል ውስጥ ነው። ቆሞ እጇን ያዘና አጽናናት። አምሳለ ሌሊቱን ስትጽፍ ያደረችውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሐዘን ላይ ነሽ፤ የሥራ ነገር ሌላ ቀን» አለ።

«ሌላ ቀን እያልኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ፣ ዶክተር።»

መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ሁለተኛ አነበበው። «ይቺን ልጅ ከበራችን ያባረርኳት እኔ ነኝ» አለ በዐረብኛ፣ ለራሱ። ወረቀቱን አጥፎ ፋይል ውስጥ ከተተው። «ወደ በላይ አካል ይሄዳል። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። እስከዚያ ጋዋን አትለብሺም።»

«እሺ።»

«ዛሬ ግን የታካሚ ቤተሰብ ነሽ። ተራ ያዢ።»

በዚያ ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ከታካሚዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ከጎኗ ካለው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ያገናኛል። የመዝጋቢው ድምፅ ከመስኮቱ እስከ ግቢው ይሰማል። የፅናት ተራ ሲደርስ ያው ድምፅ፣ «ቤት ውስጥ የታመመው ማን ነበር? በሽታውስ?» ብሎ ጠየቀ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። አምሳለ ተነሥታ አፏን ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር አስጠግታ በሹክሹክታ ተናገረች። መዝጋቢው አፍሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ቀትር ሲቃረብ ፅናት ታይታ አለቀች። በሽታው አልጀመራትም፤ ሳሉም የጉንፋን ነው። እንዳይጀምራት ግን ለጥቂት ወራት የመከላከያ ክኒን ትወስዳለች። ሉጥፊ ውጤቱን ፈርሞ ሰጣትና፣ «ትልቋንም ሴትዮ ዛሬውኑ አምጪያት» አላት።

ቤት ሲደርሱ እማማ አሰጋሽ ደጃፍ ላይ፣ የድንኳኑ ምሰሶ የተነቀለበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጠው አገኟቸው።

«የት ዋላችሁ?»

«ጤና ጣቢያ» አለች አምሳለ። «አንቺም ትታያለሽ። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ደረትሽን ያዩሻል። ከዚያ እንመለሳለን።»

እማማ አሰጋሽ ልጅቷን አዩ። ፅናት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። አምሳለን አዩ።

«ልጄን የገደላት ምንድን ነው?» አሉ። «አቧራው አይደለም አይደል? ንገሪኝ። እናቷ ነኝ። አሁንማ አፌን እይዛለሁ፤ ለማንም አልናገርም።»

«ያ የእሷ ነው፣ እማ» አለች አምሳለ። የእናቷን ፊት ማየት ስላልቻለች መሬት ላይ ተንበረከከች። ከበሩ ሥር ያለውን የላስቲክ ጫማ አነሣች፤ የእናቷን አቧራማ እግር ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጠረገችው። ማሰሪያው ሁለት ጊዜ አመለጣት። እማማ አሰጋሽ ከላይ ሆነው አዩዋት። ከዚያ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ሁለተኛውን እግራቸውን ዘረጉላት።